ስሟ ፍሪጌት፣ ምልክቷ ዲስትሮየር፦ የፈረንሳይ «ፍሬም» መርከቦችና የቀይ ባሕር ፈተና

ቀይ ባሕር ዜና በሆነ ቁጥር አንድ ግርታ አብሮ ይመጣል። አንዱ ሚዲያ «የፈረንሳይ ፍሪጌት ድሮን መትታ ጣለች» ይላል። ሌላው ያችኑ መርከብ «ዲስትሮየር» ይላታል። ሦስተኛው ደግሞ «አውዳሚ መርከብ» ብሎ ይተረጉመዋል። አንባቢ የሚወራው ስለ ሦስት የተለያዩ መርከቦች ቢመስለው አይፈረድበትም።

ስሙ ቢጠራ እንኳ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። ይህቺ መርከብ የተሠራችው ሰርጓጅ መርከብ ለማደን ነው ይባላል። ታዲያ ድሮን ስታሳድድ የምትውለው ለምንድን ነው? አንድ ሚሊዮን ዩሮ ገደማ የሚያወጣ ሚሳኤልስ በርካሽ ድሮን ላይ መተኮስ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ለመመለስ ግን መርከቧ ገና ወረቀት ላይ ሳለች ወደተወሰኑት ነገሮች መመለስ ያስፈልጋል። ቀይ ባሕር ላይ የታየው ጥንካሬም ሆነ ድካም አብዛኛው ያኔ የተወሰነ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዲ» ወይስ «ኤፍ»?

«ፍሬም» የፈረንሳይኛ ምኅጻረ ቃል ነው። ሲፈታ «ባለ ብዙ ተልእኮ የአውሮፓ ፍሪጌት» ማለት ነው። ፈረንሳይና ጣሊያን አብረው የነደፉት መርከብ ነው። የፈረንሳዮቹን የሠራው ዛሬ ናቫል ግሩፕ የሚባለው ድርጅት ሲሆን፣ የተገነቡትም በሎሪያን ከተማ ነው። የመጀመሪያዋ መርከብ አኪቴን በ2010 ውሃ ነካች። በ2012 ለባሕር ኃይሉ ተሰጠች።

በጥቅሉ ሲነገር ዲስትሮየር ተለቅ ያለች፣ ብዙ ትጥቅ የምትሸከም መርከብ ናት። ፍሪጌት አነስ ትላለች፤ ሥራዋም በአብዛኛው ማጀብ ነው። ችግሩ ሁሉም አገር የተስማማበት የቶን ወሰን አለመኖሩ ነው። እያንዳንዱ ባሕር ኃይል እንደ ልማዱ ይሰይማል። አንዳንዴም ፓርላማ ፊት በጀት ሲጠየቅ «ፍሪጌት» የሚለው ቃል ለስለስ ስለሚል ይመረጣል።

ፈረንሳይ ዛሬ ከመርከቦቿ አንዷንም «ዲስትሮየር» አትልም። ሁሉም ፍሪጌት ናቸው። ነገር ግን በመርከቧ ጎን ላይ በትልቁ የሚጻፈው መለያ «ዲ» በሚለው የላቲን ፊደል ይጀምራል። አኪቴን ዲ650 ናት። ይህ ፊደል በኔቶ አሠራር ዲስትሮየርን ያመለክታል። ወደ ጣሊያን ሲሻገሩ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከዚያው ንድፍ የተወለደችው ካርሎ ቤርጋሚኒ ጎኗ ላይ የተጻፈው ኤፍ590 ነው። «ኤፍ» የፍሪጌት ምልክት ነው። እህትማማቾቹ ጎን ለጎን ቢቆሙ አንዷ ዲስትሮየር፣ ሌላዋ ፍሪጌት ተብለው ይነበባሉ።

ፈረንሳይ «ዲ»ን የምትሰጠው «አንደኛ ደረጃ» ብላ ለመደበቻቸው ፍሪጌቶች ነው። 6,000 ቶን ገደማ የምትመዝነው ፍሬምም፣ 4,500 ቶን ገደማ የሆነችው አዲሷ አሚራል ሮናርክም «ዲ» ያላቸው ለዚህ ነው። ስለዚህ ፍሪጌት ያለውም ዲስትሮየር ያለውም ሚዲያ አልተሳሳተም። የሚያሳስተው «አውዳሚ» የሚለው ትርጉም ነው። ቃሉ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ «የቶርፒዶ ጀልባ አጥፊ» ከሚለው ስም ነው። የእነዚያ መርከቦች ሥራ ትልልቆቹን መርከቦች ከትንንሽ ፈጣን ጀልባዎች መጠበቅ ነበር። ከመነሻውም የጠባቂ ስም ነው።

ለመስማት የተሠራች መርከብ

ፍሬምን ከሩቅ ያየ ሰው መጀመሪያ ልብ የሚለው ልሙጥነቷን ነው። ጎኖቿ ወደ ውስጥ ዘንበል ያሉ ናቸው። ድሮ መርከብ ላይ የምናውቀው የብረትና የሽቦ ጫካ የለም። ሁሉም ነገር ግድግዳ ውስጥ ተከቷል። ይህ ለውበት የተደረገ አይደለም። የራዳር ሞገድ የተዘበራረቀ ነገር ላይ ሲያርፍ ወደ መጣበት አብዝቶ ይመለሳል። ዘንበል ያለ ልሙጥ ግድግዳ ግን ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይበትነዋል። 142 ሜትር የምትረዝም መርከብ ራዳር ላይ ከትክክለኛ መጠኗ አንሳ እንድትታይ ያደርጋል።

ትልቁ ጥበብ ያለው ግን ከውሃ በታች ነው። ሰርጓጅ መርከብ የሚታደነው በጆሮ ነው። ሶናር የሚባለው መሣሪያ ድምፅ ወደ ውሃ ይልካል፣ የገደል ማሚቶውን ያዳምጣል፤ ወይም ዝም ብሎ የሌላውን ድምፅ ይሰማል። አዳማጭ ራሱ ቢጮህ ምንም አይሰማም። ስለዚህ የፍሬም ነዳፊዎች የመጀመሪያ ጭንቀት የመርከቧን የራሷን ጫጫታ መቀነስ ነበር።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ሞተር ሆነ። መርከቧ በዝግታ ስትሄድ ጋዝ ተርባይኑ ይጠፋል። ፕሮፔለሮቹን የሚያዞሩት ሁለት ኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። ኃይሉን የሚያመነጩት ዲዝሎች ንዝረታቸው ወደ ውሃው እንዳያልፍ በሚያለዝቡ መደቦች ላይ ተቀምጠዋል። በዚህ መንገድ እስከ 15 ኖት ገደማ፣ ማለትም በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በጸጥታ ትጓዛለች። ችኮላ ሲመጣ 32 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጋዝ ተርባይን ይነሳል። ፍጥነቷ ወደ 27 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሌሎች አገሮች ከ30 ኖት በላይ የሚሮጡ ዲስትሮየሮች አሏቸው። ፈረንሳይ ፍጥነቱን ትታ ጸጥታውን መረጠች።

ሁለተኛው ነገር በኋላዋ ጫፍ ያለው ነው። እዚያ በር ይከፈትና በትልቅ ዊንች አንድ ከባድ ድምፅ አመንጪ ወደ ባሕር ይወርዳል። ከኋላው ረጅም የማዳመጫ ገመድ ይጎተታል። ካፕታስ-4 ይባላል። ለምን ወደ ታች መውረድ አስፈለገው? የባሕር ውሃ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሙቀት የለውም። ላይኛው ክፍል በፀሐይ ይሞቃል፣ ወረድ ሲሉ ድንገት ይቀዘቅዛል። ድምፅ በዚህ ድንበር ሲያልፍ ይታጠፋል። ከድንበሩ በታች የተደበቀ ሰርጓጅ ከላይ ላለ ሶናር እንደ መጋረጃ ጀርባ ሰው ነው። ካፕታስ ከመጋረጃው በታች ወርዶ ይጣራል። ድምፁም ዝቅተኛና ወፍራም ስለሆነ ሩቅ ይጓዛል።

ሰርጓጁ ከተገኘ በኋላ ኤንኤች90 ሄሊኮፕተር ትነሳለች። እሷም የራሷ ሶናር አላት፤ አየር ላይ ቆማ በገመድ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለች። ከዚያ ኤምዩ90 የተባለውን ቶርፒዶ ትጥላለች። መርከቧ ራሷም ቶርፒዶ ትተኩሳለች። ዒላማ ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ እስከመምታት ያለው ሰንሰለት እንዲህ የተሟላላቸው መርከቦች አውሮፓ ውስጥ ጥቂት ናቸው።

በጉድጓድ የሚቆጠር ትጥቅ

የድሮ መርከብ ኃይል የሚለካው በመድፍ ብዛትና ውፍረት ነበር። ፍሬም ፊት ለፊት የሚታየው አንድ 76 ሚሊ ሜትር መድፍ ብቻ ነው። ይህን አይቶ «ይህቺማ ምን አላት» የሚል አይጠፋም። ዋናው ትጥቅ ያለው ከመድፉ ጀርባ፣ ከወለሉ ሥር ነው። ከላይ ሲያዩት የካሬ ክዳኖች መደዳ ነው። እያንዳንዱ ክዳን ሥር አንድ ሚሳኤል ቀጥ ብሎ የቆመበት ጉድጓድ አለ። ሥርዓቱ ሲልቨር ይባላል፤ ጉድጓዶቹም ስምንት ስምንት ሆነው ተቧድነዋል።

ሰርጓጅ አዳኟ ፍሬም 32 ጉድጓዶች አሏት። 16ቱ አጫጭር ናቸው። አስተር 15 የተባለውን፣ ከ30 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ የሚል ፀረ-አየር ሚሳኤል ይይዛሉ። ሌሎቹ 16 ሰባት ሜትር ገደማ ጥልቀት አላቸው። እነዚህ ለክሩዝ ሚሳኤል ናቸው። ክሩዝ ሚሳኤል ማለት እንደ ትንሽ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ እየበረረ ሩቅ የመሬት ዒላማ የሚመታ ሚሳኤል ነው። የፈረንሳዩ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ውጊያ ላይ የዋለው ሚያዝያ 14 ቀን 2018 ሲሆን፣ ሦስት ሚሳኤሎች ሶሪያ ውስጥ ያለ ዒላማ ላይ ተተኩሰዋል። ከእነዚህ ሌላ ስምንት ኤግዞሴ ፀረ-መርከብ ሚሳኤሎች መሐል ላይ ተገጥመዋል። የኤግዞሴ ስም ለብዙ አንባቢ አዲስ አይደለም። በ1982 የፎክላንድ ጦርነት የእንግሊዝን ዲስትሮየር ሼፊልድን ያጠፋው ከአውሮፕላን የተተኮሰ አንድ ኤግዞሴ ነበር። አንድ ሚሳኤል አንድን ዲስትሮየር ሊጨርስ እንደሚችል ባሕር ኃይሎች ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያውቁታል። መርከቦች ዛሬ ፀረ-አየር ሚሳኤል ላይ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈሱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አስተር እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሄራክልስ የሚባለው ራዳር በደቂቃ 60 ጊዜ እየዞረ ሰማዩን ይቃኛል። ዒላማ ሲረጋገጥ ክዳኑ ይከፈታል፣ ሚሳኤሉ በራሱ እሳት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ወዲያው አንገቱን ወደ ዒላማው ያዞራል። ማስነሻ ሞተሩ ሥራውን ሲጨርስ ይወድቃል፣ ቀጭኑ ፊተኛ ክፍል ብቻውን ይቀጥላል። አፍንጫው ላይ የራሱ ራዳር አለው። ሊደርስ ሲል ዒላማው ቢታጠፍበት በክንፉ ብቻ አይተማመንም፤ ከወገቡ በኩል ጋዝ ይረጫል። ያ ግፊት ሚሳኤሉን ወደ ጎን ገፍቶ ያስተካክለዋል። ባሕር ታክኮ የሚመጣ ሚሳኤል ከአድማስ ብቅ ሲል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። በሰከንድ 300 ሜትር ቢበር መርከቧ ዘንድ ለመድረስ 100 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ማየት፣ መለየት፣ መወሰንና መተኮስ ሁሉ በዚያ ጊዜ ውስጥ ማለቅ አለበት።

ከ17 ወደ 8

ፈረንሳይ መጀመሪያ ያሰበችው 17 ፍሬም ነበር። በ2008 ዕቅዱ ወደ 11 ወረደ። በመጨረሻ 8 ሆነ። ከአየር ጥቃት ለመከላከል የተሠሩት ሌሎቹ መርከቦች፣ ሆራይዘን የሚባሉት፣ ሁለት ብቻ ተሠርተው ስለቆሙ ክፍተቱን ለመሙላት ከስምንቱ ሁለቱ እንዲለወጡ ተወሰነ። አልዛስና ሎሬን ናቸው። እነሱ የክሩዝ ሚሳኤል የላቸውም። 32ቱም ጉድጓዶቻቸው ለአስተር ተሰጡ፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚደርሰውን አስተር 30ንም ይይዛሉ። ሌሎቹ ስድስቱ፣ አኪቴን፣ ፕሮቫንስ፣ ላንግዶክ፣ ኦቨርኝ፣ ብሬታኝና ኖርማንዲ፣ በሰርጓጅ አዳኝነታቸው ቀጠሉ።

ቁጥር ሲቀንስ ገንዘብ ይቆጠባል ተብሎ ይታሰባል። እውነት ነው፣ ግን በከፊል ብቻ። የምርምሩና የንድፉ ወጪ አንዴ ወጥቷል። ለ17 መርከብ የታሰበው ወጪ ለ8 ሲካፈል የአንዷ ዋጋ ይወጣል። ሌላም ጉዳይ አለ። አንድ ባሕር ኃይል ካሉት መርከቦች በማንኛውም ጊዜ ባሕር ላይ ለውጊያ ዝግጁ የሚሆኑት ሲሶ ያህሉ ናቸው። አንዷ ጥገና ላይ ናት፣ ሌላዋ ልምምድ ላይ። በዚህ ሒሳብ ስምንት ማለት ሁለት ወይም ሦስት ነው። ከእነሱ ላይ አንዷ የኑክሌር ሰርጓጆች ለሚገቡና ለሚወጡበት ለብሬስት ወደብ አካባቢ ታስፈልጋለች። ሌላዋ የአውሮፕላን ተሸካሚዋን ሻርል ደ ጎልን ታጅባለች። ለቀይ ባሕር የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

የሰው ቁጥርም የንድፉ አካል ነው። ከፍሬም በፊት የነበሩት ኤፍ70 የተባሉት መርከቦች በርዝመት ከፍሬም ብዙም አያንሱም ነበር፤ መርከበኞቻቸው ግን ከ230 በላይ ነበሩ። ፍሬም የሄሊኮፕተር ቡድኑን ጨምሮ በ108 ሰው እንድትንቀሳቀስ ተነደፈች። ብዙ ሥራ በኮምፒውተር ተተካ። ቁጠባው ትልቅ ነው። የሚያሳስበው የሚመጣው ቀኑና ሌሊቱ ሳይለይ ጥቃት ሲጠበቅ ነው። ሰው በፈረቃ ይቀያየራል፤ ፈረቃው ግን ትንሽ ነው። ጉዳት ቢደርስ እሳት የሚያጠፋውም፣ ቁስለኛ የሚያነሳውም፣ ራዳር ላይ የሚቀመጠውም እዚያው ካሉት ጥቂት ሰዎች መካከል ነው። ፈረንሳይ በ2019 ለአንዳንዶቹ መርከቦች ሁለት ሁለት የሠራተኛ ቡድን መመደብ ጀምራለች። መርከቧ በዓመት ብዙ ቀን ባሕር ላይ እንድትውል፣ ሰዉ ግን እንዲያርፍ ነው። የባሕር ላይ ድካሙን ግን አይፈታውም።

ላንግዶክ እና አልዛስ

ታኅሣሥ 9 ቀን 2023 ማታ የሁቲ ታጣቂዎች ከያዙት የየመን የባሕር ዳርቻ በኩል ሁለት ድሮኖች ወደ ላንግዶክ መጡ። መርከቧ ሁለቱንም መትታ ጣለች። ከሁለት ቀን በኋላ ስትሪንዳ የተባለች የኖርዌይ ነዳጅ ጫኝ በሚሳኤል ተመትታ እሳት ተነሳባት። ወደ እሷ ያመራ የነበረውን ድሮን የጣለችው ላንግዶክ ናት። ሰርጓጅ አዳኝ ናት። አስተር 15 ካላቸው 16 ጉድጓዶች ሌላ ፀረ-አየር ሚሳኤል የላትም። 16ቱ ክሩዝ ሚሳኤሎች ለድሮን አይሆኑም። ከተሸከመችው ጉድጓድ ግማሹ ለዚያ ቀን ሥራ የማይጠቅም ነበር ማለት ነው።

ቀጥላ የመጣችው አልዛስ ናት። የምርጫው ምክንያት ከላይ ካየነው ግልጽ ነው፤ 32ቱም ጉድጓዶቿ ለአየር መከላከያ ናቸው። የካቲት 19 ቀን 2024 የአውሮፓ ኅብረት «አስፒደስ» የተባለውን ተልእኮ ጀመረ። ቃሉ በግሪክኛ ጋሻዎች ማለት ነው። የተፈቀደለትም መከላከል ብቻ ነው፤ የመን ምድር ላይ አይተኩስም። መጋቢት 21 ቀን አልዛስ ሦስት ባለስቲክ ሚሳኤሎች መትታ ጣለች። ባለስቲክ ሚሳኤል ወደ ላይ ተወርውሮ በከፍተኛ ፍጥነት ተመልሶ የሚወርድ ነው። ከድሮን ጋር የሚወዳደር ፈተና አይደለም። ለፈረንሳይ ባሕር ኃይል በእውነተኛ ውጊያ የመጀመሪያው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታየት አለበት። በየመን ጥቃት ውስጥ የሰርጓጅ ስጋት ዋናው አልነበረም። ካፕታስ፣ ጸጥተኛው ሞተር፣ ቶርፒዶው፣ የመርከቧ ዋጋ ትልቁ ድርሻ የፈሰሰባቸው ነገሮች ሁሉ በዚያ ባሕር ብዙ አልተፈለጉም። ሆኖም ንድፉ ባከነ ማለት ትክክል አይመስለኝም። ራዳሩም፣ አስተሩም፣ ሄሊኮፕተሯም ላልታሰቡበት ሥራ በሚገባ ዋሉ። በመጋቢት 2024 ከፈረንሳይ ሄሊኮፕተር ላይ በመትረየስ የተመታ ድሮን በቪዲዮ ታይቷል። «ባለ ብዙ ተልእኮ» የሚለው ስም የተፈተነው እዚህ ነው፣ በአብዛኛውም አልፏል። ያላለፈው ብዛቱ ነው።

የሚሊዮን ዩሮ ክርክር

አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል። አንድ አስተር አንድ ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ያወጣል። ድሮኑ በአስር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሠራል። አጥቂው ድሮን እየላከ ተከላካዩን ገንዘብ ያስጨርሰዋል። ሌላው ወገን ሲመልስ ሚሳኤሉ መነጻጸር ያለበት ከድሮኑ ጋር አይደለም፣ ከሚድነው ነገር ጋር ነው ይላል። ነዳጅ የጫነች መርከብ፣ ከመቶ በላይ ሰው የያዘች ፍሪጌት፣ የዓለም ንግድ መተላለፊያ።

ሁለተኛው ክርክር ይበልጥ ያሳምናል፣ ግን ጎዶሎ ነው። መርከቦቹ ያጀቧቸውን አዳኑ። መተላለፊያውን ግን ወደ ቀድሞው አልመለሱትም። ትልልቆቹ የኮንቴይነር ኩባንያዎች አፍሪካን ዞረው በደቡብ ጫፍ በኩል መሄዱን መረጡ። ግብፅ በ2024 ከስዊዝ ቦይ የምታገኘው ገቢ ከ60 በመቶ በላይ ቀንሷል። ኢንሹራንስ ሰጪ የሚያየው ስንት ድሮን እንደተመታ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ቢያመልጥስ የሚለውን ነው።

ከዋጋውም ይልቅ የከበደው ጉዳይ ክምችቱ ነው። 16 ጉድጓድ ያላት መርከብ ለአንድ ዒላማ ሁለት ሚሳኤል ብትተኩስ ስምንት ዒላማ ላይ ያልቅባታል። እነዚህን ጉድጓዶች ማዕበል ላይ ሆኖ መሙላት አይቻልም። ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሚሳኤል በክሬን ተንጠልጥሎ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ቀጥ ብሎ መግባት አለበት። ለዚህ የተረጋጋ ውሃ፣ ወደብና የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ሚሳኤሉ ራሱ ከትእዛዝ እስከ ርክክብ ዓመታት ይፈጅ ነበር። በ2024 የፈረንሳይ መንግሥት አምራቹን ኤምቢዲኤን እንዲያፋጥን በይፋ ወተወተ።

መፍትሔው ርካሹን ለርካሹ ማዋል ነው የሚሉ አሉ። 76 ሚሊ ሜትሩ መድፍ በደቂቃ 120 ጥይት ይተኩሳል፤ ቀይ ባሕር ላይም ድሮን ጥሏል። ጉዳቱ ቅርበቱ ነው። መድፍ የሚመታው ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለውን ነው። ካፒቴኑ ሚሳኤል ለመቆጠብ ብሎ ዒላማው እስኪጠጋው ቢጠብቅና መድፉ ቢስት፣ ሌላ ዕድል ላይኖረው ይችላል። ካፒቴን ሆኖ ለሚወስን ሰው ይህ ከሒሳብ ያለፈ ነው፤ መርከበኞቹ ከኋላው አሉ።

ግብፅ፣ ጅቡቲ፣ ኢትዮጵያ

ፍሬም ቀይ ባሕር ላይ የፈረንሳይ ብቻ አይደለችም። ግብፅ በ2015 ለፈረንሳይ ተሠርታ የነበረችውን የመጀመሪያዋን ኖርማንዲ ገዝታ «ታሕያ ምስር» ብላ ሰየመቻት። ቆይታም ከጣሊያን ሁለት እህቶቿን ጨመረች። በማኅበራዊ ሚዲያ «ግብፅ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚመታ የፈረንሳይ መርከብ አላት» ሲባል ይሰማል። ይህ የፈረንሳይን ትጥቅ ከግብፅ ትጥቅ ጋር ማምታታት ነው። የክሩዝ ሚሳኤሉ ከመርከቧ ጋር አልተሸጠም። ተመሳሳይ ስም ያላቸው መርከቦች በጉድጓዳቸው ውስጥ ያለው ሊለያይ ይችላል፤ ዜና ሲነበብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ፈረንሳይ በዚህ ባሕር መቆየት የምትችለው ጅቡቲ ስላለች ነው። እዚያ 1,500 ገደማ ወታደሮች አሏት። ስምምነቱም በ2024 ለ20 ዓመት ታድሷል። መርከብ ነዳጅ፣ ጥገናና የሚያርፍበት ወደብ ከሌለው ጉድጓዱ ሙሉ ቢሆንም ብዙ አይቆይም።

ለኢትዮጵያ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ከወጪና ገቢ ንግዷ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚሁ በጅቡቲ ነው። ባብ ኤል መንደብ ላይ የሚተኮሰው ሁሉ በማጓጓዣ ዋጋ በኩል ሸቀጥ ላይ ያርፋል። ደግሞም መጋቢት 2019 ፕሬዚዳንት ማክሮን አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ የኢትዮጵያን ባሕር ኃይል መልሶ ማቋቋምን የሚያካትት የመከላከያ ስምምነት ተፈርሞ ነበር። በ2021 በጦርነቱ ምክንያት ታገደ። የባሕር በር ጥያቄ በሚነሳበት መድረክ ሁሉ «የጦር መርከብ እንግዛ» የሚል ሐሳብ አብሮ ይነሳል። የፍሬም ታሪክ እዚህ ላይ የሚያስተምረው ተጨባጭ ነገር አለ። መርከቧን መግዛት ከወጪው የመጀመሪያው ክፍል ነው። ከዚያ ሁሌ አንዷን ባሕር ላይ ለማዋል ሦስት መርከብ ያስፈልጋል። ራዳር የሚያነቡ፣ ተርባይን የሚፈቱ፣ ሄሊኮፕተር የሚያበሩ ሰዎችን ማሠልጠን ዓመታት ይወስዳል። ሚሳኤሉም የማለቂያ ጊዜ አለው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ክሬን ያለበት ወደብ ያስፈልጋል። የቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ይህ ሁሉ የነበረው ምጽዋ ላይ ነበር። መርከቦቹ ከ1991 በኋላ የተበተኑት ወደቡ ስለሄደ ነው።

የሚቀጥለው ትውልድ

ፈረንሳይ ፍሬምን 8 ላይ አቁማ አነስ ያለች አዲስ ፍሪጌት ጀምራለች። የመጀመሪያዋ አሚራል ሮናርክ በ2022 መጨረሻ ውሃ ነካች። 122 ሜትር ትረዝማለች። የሚዞር ራዳር የላትም፤ ምሰሶዋ ላይ አራት ጠፍጣፋ ራዳሮች በአራቱም አቅጣጫ ሳያቋርጡ ያያሉ። አምስት ታዝዘዋል። ከስምንቱ ፍሬምና ከሁለቱ ሆራይዘን ጋር 15 ይሆናሉ። ይህ 15 የሚለው ቁጥር ለዓመታት የተያዘ ዕቅድ ነው። ቀይ ባሕር፣ ጥቁር ባሕርና ሰሜን አትላንቲክ አንድ ላይ ሲሞቁ ይበቃል ወይ የሚለው በፓሪስ እየተጠየቀ ነው።

የጉድጓዱም ጥያቄ ተመልሶ መጥቷል። ፈረንሳይ መጀመሪያ ለራሷ ባወጣችው ንድፍ አዲሷ መርከብ 16 ጉድጓድ ብቻ ነበራት። ያንኑ ዓይነት መርከብ ያዘዘችው ግሪክ ለራሷ የጠየቀችው 32 ነው። በመርከቧ አካል ላይ ለተጨማሪዎቹ 16 ጉድጓዶች ቦታው ከመጀመሪያውም ተትቷል።